አባ አመዳይ የተከደነ አይገልጥም

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሩን፣ ጆሯችን ተከፍቷል» በሉኝ። እንደሱ ነው እንጂ። አንተ፣ እግርህን ሰብስብ፤ ተረት በተዘረጋ እግር ላይ አይቀመጥም። አንቺም ያንን በር ዝጊው። የዛሬው የብርድ ተረት ነው፣ በር ተከፍቶ አይወራም።

በድሮ ጊዜ፣ ተራራ ሲናገር ሰው በሚሰማበት ዘመን፣ ከገብስ በቀር ሌላ እህል የማያውቅ አንድ ደጋ አገር ነበር። ሰዉ ገብስ ይዘራል፣ ገብስ ያጭዳል፣ ገብስ ይበላል፣ ገብስ ይጠጣል። ሲጣላም በገብስ ማሳ ነው፣ ሲታረቅም በገብስ ጠላ ነው። ከአገሩ በላይ አንድ ራሰ በራ ተራራ ነበር። በተራራው ላይ ደግሞ አባ አመዳይ ይኖር ነበር።

አባ አመዳይን ታውቁታላችሁ? አታውቁትም። እናንተ የምታውቁት ጠዋት ሣር ላይ የሚታየውን ነጭ ነገር ነው። እሱ የእግሩ ትቢያ ነው። አባ አመዳይ ራሱ ነጭ ለብሶ፣ ነጭ ጠምጥሞ፣ ሰማዩ ያለ ደመና ባደረ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ከተራራው ይወርዳል። አይሮጥም። አይጮህም። ኮቴው አይሰማም። የነካው ቅጠል መጀመሪያ ነጭ ይሆናል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ጥቁር ይሆናል። የዚያ አገር ሰው ስሙን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። መምጣቱን ባወቀ ጊዜ ከብቱን ያስገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ እስኪያልፍ ድረስም ትንፍሽ አይልም።

በዚያ አገር ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። የቆላ ልጅ ናት። ስትዳር እናቷ ወርቅም ብርም አልሰጠቻትም፤ ከየት አምጥታ። የሰጠቻት ከጓሮዋ ነቅላ፣ በእርጥብ ቅጠል የጠቀለለችውን የኮረሪማ ሥር ነው። «ይኸ ተክል ብርድ አያውቅም። እንደ ልጅ አልብሺው» አለቻት። ይርገዱ ያንን ሥር በጉያዋ ይዛ ዳገቱን ወጣች። ከባሏ ቤት ጓሮ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር ተከለችው።

አገሩ ሁሉ ሳቀባት። የደረቀውን የኮረሪማ ፍሬ ከገበያ ያውቁታል፣ ቅቤያቸው ላይ ሲጨምሩት ኖረዋል። ተክሉን ግን አይተውት አያውቁም። ገብስ ፍሬውን አናቱ ላይ ነው የሚሸከመው። ኮረሪማው ቁመቱ ሰው አክሎ አናቱ ላይ ቅጠል ብቻ ሆነባቸው። «ራስ የሌለው እህል» አሉት። ፍሬውን የት እንደሚይዝ ግን አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ አላየም፣ አንድም ሰው አልጠየቃትም። እሷም ገና ስላላፈራ ዝም አለች።

ከዚያ ባሏ ሞተ። ነገሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ነበር። ባል የሞተባት ሴት ማሳዋን ይዛ የምትኖረው መሬቱ ጾሙን ካላደረ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎች ይወጣሉ። የእሷንም የድንበርተኛዋንም ማሳ ዞረው ያያሉ። የገብስ ክምር ወይም ሕይወት ያለው ተክል ካዩበት መሬቱ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ሁለቱም ከሌሉበት ጾሙን ያደረው መሬት ለድንበርተኛው ይሰጣል። ሕጉ ሰው አይመርጥም፣ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

የይርገዱ ድንበርተኛ ሻረው ይባላል። ጉልበት አለው፣ በሬ አለው፣ ሰፊ ማሳ አለው። የሌለው ነገር ቢኖር በቃኝ ማለት ነው። ያቺን ምንጭ ገና ባሏ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ሲመኛት ኖሯል። ይርገዱ ማሳዋን እንዲያርስላት ብትለምነው በሬዎቹ እግራቸውን ታመዋል አላት። በማግስቱ ግን እነዚያው በሬዎች የራሱን ማሳ ሲያርሱ ዋሉ። ሌሎቹን ለመነች። እነሱም ሻረውን ፈርተው አንዱ ሞፈሬ ተሰበረ፣ አንዱ ወገቤን አመመኝ አለ። ሴት ደግሞ በዚያ አገር ሞፈር አትይዝም። ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ሄደ፣ የይርገዱ ማሳ ሳይታረስ ቀረ።

እንግዲህ በመሬቷ ላይ የቀረው ሕይወት ያ ኮረሪማ ብቻ ነው። ኮረሪማው ከዳነ ይርገዱ ባለመሬት ናት። ኮረሪማው ከሞተ መሬቷን ለሻረው ትለቃለች፣ እናቷ ሞታለችና የምትመለስበት ቆላም የላትም፣ ከሻረው ደጅ ገረድ ሆና ትቀራለች። ይኸንን እሷም ታውቃለች፣ ሻረውም ያውቃል፣ አገሩም ያውቃል።

ጥቅምት ገባ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? አጥንት ያለው አጥንቱን ጋጠ። ይርገዱ ግን አጥንትም አልነበራትም። አንድ ምሽት ቀና ብላ ብታይ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ዋንዛው ከማዶው ዳገት የሚወርደውን ብርድ አይጋርድም፤ በዚያ በኩል የቆሙት የዳር ተክሎች ራቁታቸውን ናቸው። ከባሏ የቀረላትን ጋቢ አውጥታ በእነሱ ላይ ጣለችው፣ ጫፍና ጫፉን በድንጋይ ያዘችው። ጎህ ሊቀድ ሲል በቀሚሷ ብቻ ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ያን ጊዜ አየችው። ከተራራው ግርጌ ያለው ሣር ነጣ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሣር ነጣ። ከዚያ የሻረው አጥር ነጣ። ማንም ሳይራመድ ምድሪቱ እየነጣች ወደ እሷ መጣች። የምንጩ ድምፅ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ። ከነጩ መሐል ከዛፍ የሚረዝም ሽማግሌ ቆሟል። ጢሙ እስከ ጉልበቱ ይወርዳል። ሲተነፍስ ትንፋሹ ጭጋግ ሆኖ ሸለቆውን ይሞላዋል። ይርገዱ እንዲህ ያለ አስፈሪ ነገር አይታ አታውቅም። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገርም አይታ አታውቅም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ዝም በሉ፣ አውቀዋለሁ። ትሮጡ ነበር። እኔም እሮጥ ነበር፣ ምን ያስዋሸኛል። ይርገዱም ጉልበቷ ለሩጫ ተነስቶ ነበር። ነገር ግን በእናቷ ቤት ከደጅ የመጣ ሁሉ ሰላምታ ሳይሰጠው ቀርቶ አያውቅም። የተማረችው ከፍርሃቷ ቀደማትና ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«እንደምን አደሩ አባቴ። ቤት ለእንግዳ» አለች።

አባ አመዳይ ቆመ። እሱ ሲቆም ሸለቆው ሁሉ ቆመ።

«ሰው ሲያየኝ በር ይዘጋል። አንቺ ለምን ሰላም አልሽኝ?»

«ከሩቅ መጥተዋል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው።»

አባ አመዳይ ተራራው ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ እንግዳ ተብሎ አያውቅም ነበር። ጌታ ብለውታል፣ መቅሰፍት ብለውታል፣ የሌሊት ሌባ ብለውታል። እንግዳ ያለው ግን የለም። ከዓይኑ አንድ እንባ ወረደች፣ ጢሙ ላይ ስትደርስ በረዶ ሆነች።

«እንግዳ ካልሽኝ በእንግዳ ሕግ እገባለሁ» አላት። «እንግዳ የሰው መሶብ አይገልጥም። ባለቤቷ የከደነችውን አልነካም። ራቁቱን ያገኘሁትን ግን አልምርም። ዘንድሮ ገና ሁለት ጊዜ እመጣለሁ።»

ይኸን ብሎ አለፈ። ፀሐይ ስትወጣ ጋቢው ደርቆ እንደ ቁርበት ቆሟል። ይርገዱ በድንጋጤ ጫፉን አነሳችው። ከሥሩ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ እርጥብ ነው፣ እንዳለ ነው። ይርገዱ መሬቱን ሳመች።

ኅዳር መጣ። ይርገዱ ያንን ቃል አልረሳችም። በዳር በኩል ግንድ አቁማ ዳስ ሠራች፣ በሰንበሌጥ ከደነችው። ዳሱ ጥሩ ዳስ ነበር። ሻረው ካጥሩ ማዶ ሆኖ ሲያየው ዋለ። ወደ ማታ በሬዎቹ «በስህተት» ተፈቱ። መቼም የሻረው በሬዎች ስህተታቸው አያልቅም። ይርገዱ ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ሰንበሌጡን በልተው ጨርሰውታል፣ ግንዱን አጋድመውታል፣ ጋቢዋንም ረግጠው ቀዳደውታል። አቤት ብትል ሻረው ከብት እኮ አፍ እንጂ ልብ የለውም ብሎ መለሰላት።

የዚያን ምሽት ሰማዩ ከጥቅምቱ ይልቅ ጠራ። ይርገዱ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የዳር ተክሎቹን አጎንብሳ፣ አገዳቸውን ሳትሰብር ወደ ውስጥ ሳበቻቸው፣ ከዋንዛው ቅርንጫፍ በታች እንዲሆኑ በልጥ አሰረቻቸው። ጎህ ሲቀድ ወጥታ ከግንዱ ጋር ተጠግታ ቆመች።

አባ አመዳይ መጣ። ምድሪቱ እየነጣች መጣች። ሰላም አለችው፣ ሰላም አላት። ዳሱን ቢያይ የለም። ጋቢውን ቢያይ የለም። እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ አንድ የዋንዛ ቅጠል ጣቱ ላይ ወደቀች። ቀና ብሎ አየ።

«ይኸን ማን ከደነው?» አላት።

«ዛፉን የተከሉት የባሌ አባት ናቸው። ከሥሩ የተከልኩት እኔ ነኝ። ዛፍ የድሀ ጣራ ነው አባቴ።»

አባ አመዳይ እጁን መለሰ። የዋንዛውን ጥላ ዳር ዳሩን ይዞ ዞረና ወረደ። ሲነጋ አገሩ በሙሉ ነጭ ሆኖ አደረ። ከዋንዛው ሥር ብቻ አንድ ክብ መሬት አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፣ ነጩም ከጥላው ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ሰው መጥቶ አየው። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆመ። የሚስቅ አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አባ ወልደየስ ጫማቸውን አውልቀው ወደዚያ ክብ ገብተው ወጡ።

ሻረውም አየ። ማየትስ አየ፣ ግን ሆዱ ነው ያየለት። ይህች ሴት በዚህ ነገር ባለጸጋ ልትሆን ነው ብሎ አሰበና ሁለት ነገር አደረገ።

አንደኛ፣ የዋንዛው ግንድ ከድንበሩ ላይ ነው የቆመው፣ ግማሹ የእኔ ነው አለ። ግማሹን ብቻ መቁረጥ ስለማይቻል ሁሉንም ቆረጠው። ምሳሩን አንስቶ ሲጥል የዋለበት ድምፅ ከማዶ ይሰማ ነበር። ዋንዛው ወደ ይርገዱ ባዶ ማሳ እንጂ ወደ ኮረሪማው አልወደቀም። 

ሁለተኛ፣ ወደ እኔ ወሰን የገባ ሥር የእኔ ነው ብሎ ከይርገዱ ኮረሪማ ዳር ዳሩን ቆፍሮ ወሰደ። ከእሷ ጋር በሚዋሰነው ማሳው ላይ ገብሱ ቆሞ ነበር። ዘግይቶ የተዘራ ነውና ገና አልደረሰም። በእሸቱ አጭዶ ለበሬዎቹ ሰጣቸውና ያንን ሥር ተከለበት። ሚስቱ ተው፣ የያዝከውን አትጣል ብላው ነበር። ሻረው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ገብስ ነው፤ ገብስ ደግሞ ጥላ ሲያገኘው ይጫጫል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ያፈራል። ተክል የሚሞተው ፀሐይ ቢያጣ ነው፣ የእኔ ፀሐይ ይጠግባል አላት። በተራቆተው ማሳ መሐል ተከለው። ከሥሩ ያለውን ሣርና ቅጠልም ጠርጎ አጸዳው።

ይርገዱ ከወደቀው ዋንዛ ግንድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ማልቀስ ነውር አይደለም ልጆች። አልቅሶ ተቀምጦ መቅረት ነው ነውሩ። ታኅሣሥ ገብቷል፣ አባ አመዳይ አንድ ጊዜ ቀርቶታል፣ እሷ ዳስ የላት፣ ጋቢ የላት፣ ዛፍ የላት። የኮረሪማው አናት ከሷ ቁመት ይበልጣል፤ ያንን ሁሉ በምን ትሸፍነዋለች? እናቷን አሰበች። «እንደ ልጅ አልብሺው» ነበር ያለቻት። እናቷ እሷን እንዴት ነበር የምታለብሳት? ልብስ በጠፋ ጊዜ፣ ለሁሉም የሚበቃ ባልነበረ ጊዜ፣ መጀመሪያ እግሯን ነበር የምትጠቀልላት። እግሩ የሞቀ ልጅ አይሞትም ትል ነበር እናቷ።

ይርገዱ እንባዋን ጠረገችና ተነሳች። ከወደቀው ዋንዛ ላይ ቅጠሉን ሸመጠጠች። ሰፋፊ ቅጠል ነው፣ ታውቁታላችሁ። ተሸክማ አመጣች፣ ከኮረሪማው ሥር ጎዘጎዘች። ደግሞ ሄደች፣ ደግሞ አመጣች። ከየአውድማው የተጣለ ገለባ ለቀመች። በዋንዛው ቅጠል ላይ ገለባ፣ በገለባው ላይ ቅጠል፣ እስከ ጉልበቷ ከመረችው። የተቀደደውን ጋቢ ከላይ ደርባ ድንጋይ ጫነችበት። አናቱ ግን ራቁቱን ቀረ። ዋንዛው ቆሞ ሳለ ከላይ ይከድን ነበር፤ ወድቆ ደግሞ ከታች ከደነ።

አባ አመዳይ በታኅሣሥ መጣ። ያን ጠዋት ወፍ አልጮኸም። ዶሮም አልጮኸም። ምንጩ ከአፉ ላይ ደረቀ። ሰማዩ ከመጥራቱ የተነሳ ታች ያለ እስኪመስል ድረስ ወደ ምድር ቀርቦ ነበር። ተራራው ራሱ የሚወርድ ነው የመሰላት። ይርገዱ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። እንደ ምንም ብላ እጅ ነሳች።

«ጣራሽ የት ሄደ?» አላት።

«ቆረጡት አባቴ።»

«እንግዲያ ራቁትሽን ነሽ።»

 ይርገዱ ቀና ብላ አየችው። «እንግዳ በባዶ አፉ አይሸኝም» አለችው። «አናቱን ለእርስዎ አቅርቤዋለሁ፣ ይብሉ። እግሩ የቤት ነው፤ እሱን ከድኜዋለሁ።»

አባ አመዳይ አናቱን አየ፣ ክዳኑን አየ፣ ሴቲቱን አየ። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ተራራው ላይ ያለ አለት ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ እስከ ዛሬ አለ ይላሉ። አናቱን በእጁ ዳሰሰው። ከዳር እስከ ዳር ነጣ።

«ሁሉን ላስቀር የሚል ሁሉን ያጣል። አንቺ ሰጥተሽ አስቀረሽ» አላት። «ያቀረብሽልኝን በላሁ። የከደንሽውን አልገለጥኩም። እንግዲህ አንቺም እጅሽን ሰብስቢ፣ ጊዜው ሳይደርስ አትግለጪው።»

ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሻረው ማሳ ገባ። እዚያ ሰላም የሚለው ሰው አልነበረም፤ ሻረው ሦስት ቁርበት ደራርቦ ተኝቷል። ክዳንም አልነበረም። አባ አመዳይ ያንን ማሳ እንደ ገዛ ቤቱ ገባበት።

ሲነጋ ሁለቱም ማሳ ጠቆረ። የይርገዱ ኮረሪማ አናቱ ተንጠልጥሎ፣ ቅጠሉ ከስሎ፣ የሞተ ነገር ሆኖ ዋለ። ጎረቤት መጥቶ አዘነላት። አባ ወልደየስ እንኳን ሳይቀሩ ልጄ፣ የሞተ ነገር ከደጅ አይከርምም፣ ቁረጪና አጽጂው ብለው መከሯት። እሷ ግን አንዲት ቅጠል አላነሳችም። የደረቀው ቅጠል ክዳኑ ላይ ሲወድቅ ክዳን ላይ ክዳን ይሁን አለች። አንዳንድ ጠዋት እጇን ይበላታል፣ ገልጣ ማየት ያምራታል። ሄዳ ከጎኑ ትቀመጥና እጇን ከብብቷ ትከታለች። አለ ይሁን የለ አታውቅም። በዚያ ላይ የሽማግሌዎቹ ቀን እየቀረበ ነው። እንዲህ ሆና ከረመች፤ ከብርዱ ሁሉ ይኸኛው ብርድ ነበር የከበዳት።

ሻረውስ? ሻረው የጠቆረውን አናት በማጭድ ቆረጠና ማሳውን አጸዳ። ከዚያ ሥሩ መኖሩን ለማየት ቆፈረ። ቆፍሮ አየ፣ መለሰ። በማግስቱም ቆፍሮ አየ፣ መለሰ። ከአባ አመዳይ በኋላ ልጆቹ ይወርዳሉ፤ ትንንሾቹ ውርጮች፣ እስከ ጥር ድረስ አይጠፉም። እነሱም የተገለጠ ሥር ሲያገኙ ጊዜ በሉት።

ጥምቀት አለፈ። ሽማግሌዎች ወጡ፣ አገሩም ተከትሎ ወጣ። መጀመሪያ የሻረውን ማሳ ገቡ። የገብስ ክምር አለ? የለም። ቋሚ ተክል አለ? የለም። ሻረው ሥሩ አለ ብሎ በዶማ ገለበጠው። እንደ በሰለ ዱባ ላልቶ በእጁ ላይ ፈረሰ፣ ሸተተም። ሻረው ግን አላፈረም። የእኔ በፀሐይ መሐል ከሞተ የእሷማ ገና ድሮ ሞቷል፣ ሁለቱም ጾሙን ካደረ ደግሞ መሬቱ በሬ ላለው ይገባል ብሎ ተከራከረ። በሬ ያለው እሱ ነው።

ወደ ይርገዱ ማሳ መጡ። አባ ወልደየስ የገብስ ሰው ናቸውና ወደ አናቱ አዩ። ጥቁር። ሌላውን አዩ። ጥቁር። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ፤ ሕጉን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«አባቴ» አለች ይርገዱ። «ቅጠሉ ሞቷል። ሥሩን ይጠይቁልኝ።»

ተንበረከከች። ድንጋዩን አነሳች። ጋቢውን ገለጠች። የላይኛውን ቅጠል፣ ገለባውን፣ ከሥሩ ያለውን የዋንዛ ቅጠል በቀስታ በእጇ ገለል አደረገች። ከውስጡ እንፋሎት ወጣ። በብርዱ አየር ውስጥ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ሁሉም አየው። ከእንፋሎቱ ጋር ሽታው መጣ፤ ያ ከቅቤያቸው የሚያውቁት ሽታ፣ አሁን ግን ከመሬት የሚወጣ። ከዚያ መሬቱን አዩት። ከሞተው አገዳ ሥር እንደ ጦር የሾለ አዲስ ቡቃያ ወጥቷል። ከቡቃያው አጠገብ ከአፈሩ ውስጥ ብቅ ብሎ፣ ከእግሩ ሥር፣ ቀይ ፍሬ ተቀምጧል። አንድ አይደለም። ወደ ፊት በገለጠች ቁጥር ቀይ ነው። በክረምቱ የቋጠረውን ፍሬ ያበሰለው በዚያ ብርድ ነው፤ ሰው ሁሉ አናቱን አይቶ ሲያዝን እሱ ከታች ሥራውን እየሠራ ነበር።

 አባ ወልደየስ ሻሻቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ከይርገዱ አጠገብ ተንበርክከው አንዱን ፍሬ በጣታቸው ነኩት፣ ነገር ግን አልቀጠፉትም።

«ራስ የለውም ስንል ኖርን። ሀብቱን ከእግሩ ሥር ይዞት ኖሯል» አሉ። ከዚያ ቆመው ፈረዱ። የይርገዱ መሬት ሕይወት አለው፣ የእሷ ነው። የሻረው ማሳ ክምርም ተክልም የለውም፣ ጾሙን አድሯል፤ ለድንበርተኛው ይሰጣል። ሕጉ ሰው አይመርጥም አሉ።

 የሚወደው ሕግ ዞሮ ሻረውን ያዘው። ከምንጩ ዳር ድንጋይ አንስቶ ጫንቃው ላይ ተሸከመና ከይርገዱ እግር ሥር ወደቀ፣ ማሪኝ አላት። ሰው ሁሉ ምን እንደምትለው ጠበቀ። ይርገዱ ድንጋዩን አነሳችለት።

«ማሳው በእኔ እጅ ይቆያል» አለችው። «አንተ ከቆረጥከው ቦታ ላይ ዋንዛ ትከል። ከዚች ምንጭ እየቀዳህ አጠጣው። ጥላው ኮረሪማዬን የከደነ ቀን ማሳህን ትወስዳለህ።»

ሻረው ዋንዛ ተከለ። ችግኙን ከብት እንዳይበላው አጠረለት፣ ከራሱ በሬ ሳይቀር ጠበቀው። ውርጭ ሲመጣ ገለባ አለበሰው። እግሩን አስቀድሞ። ዋንዛው ጥላ ሲጥል ሻረው ሽበት አብቅሎ ነበር። ይርገዱም ቃሏን ጠበቀች፣ ማሳውን መለሰችለት። የእሱ ልጆች የኮረሪማ አትክልተኞች ሆኑ ይባላል። እነሱ ደግሞ የደረቀ ቅጠል ከሥሩ ጠርገው አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ወግ ሆነ። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሰው ተክሉን ከእግሩ ጀምሮ ያለብሳል። አንድ እግር ኮረሪማ ግን ከዳር ላይ ራቁቱን ይተዋል፣ የእንግዳው ድርሻ ነው። ጎህ ሲቀድም ከየቤቱ አንድ ሰው ብቅ ይላልና ወደ ተራራው እጅ ይነሳል። አባ አመዳይም ያልፋል። ድርሻውን ይበላል፣ የተከደነውን አይገልጥም።

ለዚህ ነው አባቶቻችን «ቅጠሉ ቢሞት ሥሩን ጠይቅ» ያሉት።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን እኔ ገልጬ አቀረብኩላችሁ። እናንተ ደግሞ ክደኑና ያዙት፣ እንዳይበርደው።